ለድመትዎ ጥሬ ሥጋ፣ የጣና ዓሣ ወይስ ደረቅ ምግብ?

ባሕር ዳር ላይ ድመት የሚያሳድግ ሰው በእጁ ያሉት ሦስት ናቸው፦ የሥጋ ቤት ጥሬ ሥጋ፣ የጣና ዓሣና በከረጢት የሚሸጠው ደረቅ ምግብ። የቤት ትራፊን ከውድድሩ አስወጥቼዋለሁ። ወጣችን ቀይና ነጭ ሽንኩርት አያጣም፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ።

ሦስቱንም የምመዝነው በአይጥ ነው። ድመት አይጥ ስትይዝ ሥጋውን ብቻ አትበላም፤ አጥንቱም፣ ልቡም፣ ጉበቱም አብሮ ይገባል። ቁርጥ የምንወድ ሰዎች ቀይ ሥጋ ስንጥልላት ያከበርናት ይመስለናል፤ ጥርት ያለ ቀይ ሥጋ ግን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በእሱ ብቻ ያደገች ግልገል አጥንቷ ይሳሳል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ጥሬ ለመመገብ የቆረጠ ሰው የዶሮ አንገት ጥሬውን ይስጥ (የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል)፣ ወይም ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምር። ልብ ከተገኘ አይለፍ፤ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሞልቶበታል። ድመት እሱን በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ ሲያንሳት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗም ይጠፋል። ቀቅለው የሚሰጡ ከሆነ ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አይድፉት። ጉበት ከጠቅላላው 5 በመቶ አይለፍ፤ ዕለት ዕለት ጉበት የምትበላ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገቷ አጥንት እርስ በርሱ ይጣበቃል።

የጥሬ ሥጋ ትልቁ ጣጣ ግን ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ እሷ አትጾምም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ይባል የለ! ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ቀድሞ ያከማቻል፤ መብራት ውሎ አድሮ ሲመጣ ግን የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይሆንም። በረዶ የኮሶ ትልን ይገድል እንደሆን እንጂ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ አይገድልም። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ጥሬውን እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ከጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ፅንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ የያዛት ድመት በዓይነ ምድሯ ታስተላልፋለች።

ዓሣ በጾም ወራትም ከሐይቁ ዳር አይጠፋም። ቀረሶም ሆነ አምባዛ ቀቅለው፣ እሾሁን ለቅመው ይስጡ። አንዳንድ ዓሣ ጥሬውን ሲበላ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ ሙቀት ያጠፋዋል። በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል።

ደረቁ ምግብ ሲያዩት ውድ ነው። ሒሳቡን በኪሎ ሳይሆን በቀን ይሥሩት። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 50 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይበቃታል፤ አንድ ኪሎ ተኩል ከረጢት ወር ይሞላል። በጥሬ ቢሆን በቀን 150 ግራም፣ በወር አራት ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። የጥሩ ከረጢት ካልሲየሙም ታውሪኑም ተመጥኖ ገብቷል። ጉድለቱ ውኃ ነው፤ ሥጋ 70 በመቶው ውኃ ሲሆን ይህ 10 በመቶ አይሞላም። ድመት ደግሞ ውኃ መጠጣት ትሰንፋለችና በተለይ ወንዱ ሽንቱ እንዳይዘጋበት በውኃ ያርሱለት። ከተከፈተ ከረጢት እየተሰፈረ የሚሸጠውን አልገዛም፤ ስቡ ይበላሻል፣ ማብቂያ ቀኑም አይታወቅም።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ወይም ደጀን፣ ሞጣ፣ ዳንግላ ሆኖ ከሐይቁ ለራቀ ሰው ምርጫዬ ደረቁ ነው፤ ሥጋ ሲታረድ ልብ ጣል እያደረጉ። ማቀዝቀዣም ጊዜም ያለው፣ አጥንትና ልብ ሳያጓድል መመጠን የማይሰለቸው ሰው ጥሬውን ይሞክር።

ሲቀይሩ በሰባት እስከ ዐሥር ቀን ቀስ በቀስ ይደባልቁት። «ሲርባት ትበላለች» ብለው እንዳይተዋት፤ ሁለት ቀን ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይሞላል፤ ያኔ የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት።