የፖርትፎሊዮ ኮርስ ላስጨነቃችሁ ሁሉ፦ አንድ መምህር ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው በማታው መርሐ ግብር የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ለምትማሩ፣ በተለይም «ኢንቨስትመንትና ፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት» የተባለው፣ ገንዘብን በተለያዩ ሀብቶች ላይ አከፋፍሎ ስለ ማዋል የሚያስተምረው ኮርስ ደርሶባችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት በዚሁ ኮርስ ምክንያት ትምህርቴን ላቋርጥ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ዛሬ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ጨርሻለሁ፤ ለዚህ ያበቁኝን መምህር በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ ዕረፍት አያገኝም።

ባንክ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ብድር፣ ስለ ወለድና ስለ መያዣ ብጠየቅ የምመልሰው አላጣም። የኮርሱ መጽሐፍ ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የሚናገረው በኒው ዮርክ ገበያ ዋጋው በየደቂቃው ስለሚወጣና ስለሚወርድ አክሲዮን ነው፤ የእኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች (የአክሲዮንና የቦንድ) ገበያ ደግሞ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ነበር። በዓይኔ ያላየሁትን ነገር በቀመር አስሊ ስባል የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የማስጠኛ ቦታ የስምንት ቀን ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ፤ አስጠኚው የመጣው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው። በመጣባቸው ቀናትም ከክፍል ያገኘሁትን ስላይድ መልሶ አነበበልኝ እንጂ አንድም ጥያቄ አልመለሰልኝም። የቀረው ገንዘብ እንዲመለስልኝ በጠየቅኩ ቁጥር «ነገ ይደውሉ» እየተባልኩ ሁለት ወር ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ ስልኬንም ማንሳት ተዉ። ቀጥሎ «አሳይመንት እናግዛለን» ለሚል ሰው ግማሹን ክፍያ ቀብድ ሰጠሁ። ይህን ማድረጌ ጥፋት እንደነበር አውቃለሁ፤ ተስፋ መቁረጥ የማያደርሰው ቦታ የለም። ሰውየው የላከልኝ ሥራ የሌላ ተማሪ ወረቀት ኖሮ በውስጡ የተተነተኑት ኩባንያዎች ሁሉ የሕንድ ነበሩ። አንብቤ እንደጨረስኩ ላፕቶፑን ዘግቼ ልጆቼ እንዳይሰሙኝ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ስለ እኚህ መምህር የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ለብዙ ዓመታት በባንክ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቅዳሜ ቅዳሜ በቤታቸው የሚያስጠኑ ሰው ናቸው። ስደውልላቸው የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አልነበረም፤ «የራስሽ አክሲዮን አለሽ ወይ? ካለሽ ሰርተፊኬቱን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

የሁለት የግል ባንኮች ሰርተፊኬትና በቴሌብር የገዛሁትን የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ማረጋገጫ በፕላስቲክ ማኅደር ይዤ ሄድኩ። የቴሌኮሙ ዝቅተኛው መጠን ነበር፤ አንዱ በ300 ብር ሒሳብ 33 አክሲዮን፣ በድምሩ 9,900 ብር። እሳቸው ሁለቱን የባንክ ሰርተፊኬቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ገንዘብሽን ለምን ለሁለት ከፈልሽው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንዱ ባንክ ቢጎዳ ሌላው እንዲተርፍልኝ ነው» አልኳቸው።

«መልካም። በ2003 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙበት ሲታዘዙ የትኛው ባንክ ተረፈ? በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገደብስ የትኛው ተረፈ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛውን መመሪያ ራሴ በቅርንጫፋችን ለደንበኞች ሳስረዳ፣ ብድር ጠይቀው የነበሩ ሰዎችን ስመልስ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ከራሴ ሰርተፊኬቶች ጋር ግን አንድም ቀን አያይዤው አላውቅም። አንድ መመሪያ ሁለቱንም እኩል የሚነካቸው ከሆነ ገንዘቤ በሁለት ስም ይቀመጥ እንጂ ያለው አንድ ቦታ ነው።

ከዚያ ትውልዴ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው «አባትሽ ስንት ማሳ ነበራቸው?» አሉኝ። ሦስት ነበረው፤ አንዱ ከቤታችን ጓሮ፣ አንዱ ወንዙ ዳር፣ አንዱ ደግሞ ከዳገቱ በላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ። ጎረቤቶቻችን የሩቁን ማሳ በቅርብ ለውጥ እያሉ ሁልጊዜ ይመክሩት ነበር፤ እሱ ግን «ሦስቱን በረዶ ባንድ ቀን አይመታቸውም» ይል ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት የወንዙ ዳር ጤፍ በበረዶ ሲወድም የበላነው ከዳገቱ ላይ የመጣውን ገብስ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ተቆራረጠ፤ አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነበር። መምህሬ ዝም ብለው ጠበቁኝና በካሬ ደብተራቸው ላይ ሦስቱን ማሳ በእርሳስ ሥለው «ኮሪሌሽን የሚባለው፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ የሚለካው፣ ይህ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ እዚህ አለ፤ እያንዳንዱን ሀብት ለብቻው አትመዝኚው፣ ከሌላው ጋር አብሮ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ተመልከቺ ነው የሚለው» አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ስለሠራነው ስሌት ዝርዝር እዚህ መጻፍ አልችልም፤ የማትሪክሱ ክፍል ለእኔ አሁንም ከባድ ነው። ምን እየፈለግኩ እንደማሰላ ግን አውቅ ነበር፤ ያጣሁትም ይህንኑ ነበር። አሳይመንቱን ራሴ ሠራሁት፤ በመጽሐፉ ምሳሌ ፈንታ የባንክ አክሲዮንን፣ የግምጃ ቤት ሰነድን (መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበትን)ና የቁጠባ ሒሳብን አነጻጸርኩበት። ለቴሌኮሙ አክሲዮን የዋጋ ታሪክ ስላልነበረው ስጋቱን ማስላት እንደማይቻል በግልጽ እንድጽፍ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው፤ «የሌለሽን ቁጥር አትፍጠሪ» ነበር ያሉኝ።

ከሚድ ፈተና በፊት «አእምሮዬ ለዚህ አልተፈጠረም» ብዬ ሳማርርም በትዕግሥት አጽናኑኝ። ማርኮዊትዝ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ ታዋቂው የኢኮኖሚክስ ምሁር ሚልተን ፍሪድማን «ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም» ብሎ እንደተከራከረው፣ ማርኮዊትዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊልያም ሻርፕና ከመርተን ሚለር ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት እንደተቀበለ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ሻይዬ እስኪበርድ ድረስ አዳምጫቸው ሳበቃ ባለቤታቸው ሌላ ቀድተው አመጡልኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እወቁልኝ። የከፈልኳቸው የአሥር ቀን ነበር። በሰባተኛው ቅዳሜ ሁለት የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች ሰጥተውኝ ብቻዬን ሠርቼ ስጨርስ ተመለከቷቸውና «ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈልግሽም» አሉኝ። ቀጥለውም የሦስቱን ቀን ክፍያ በፖስታ አሽገው መለሱልኝ። አልቀበልም ብዬ ብለምናቸው «ያላስተማርኩበትን አልበላም» ብለው እምቢ አሉ። ያላስተማረኝ ሰው የበላብኝ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም፤ ያስተማሩኝ ሰው ግን ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ።

መምህሬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ውለታዎትን አልረሳም። እናንተም ይህ ኮርስ የከበዳችሁ፣ እባካችሁ ለማንም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እሳቸውን አነጋግሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አነጋግሯቸው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ በውስጥ መስመር ለምትጽፉልኝ እሰጣችኋለሁ። የሚያስጠኑት ቅዳሜ ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም፤ ስትደውሉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አክሲዮን ያላችሁም ሰርተፊኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።