የመዳብ ቀለም ፖላራይዝድ መነጽር በቤሊዝ ፍላቶች ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ፍላይ ፊሺንግ (ፍላይ በሚባል፣ ነፍሳት ወይም ሽሪምፕ በሚመስል ሰው ሠራሽ መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ) የጀመረ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው የማጥመጃ ዘንጉ ላይ ነው። ቀጥሎ ሪሉ፣ ማለትም የክር መጠቅለያው ላይ። መነጽር መጨረሻ ላይ ይታወሳል፤ እሱም ከነዳጅ ማደያ በ20 ዶላር ይገዛል። ካሪቢያን ውስጥ ግን ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ያላዩትን ዓሣ ማጥመድ አይቻልማ።

ፍላት የሚሉት ጥልቀት የሌለው፣ ጥርት ያለ የባሕር ዳርቻ ውሃ ነው። ቁርጭምጭሚት ጋ ይጀምራል፣ ቢበዛ ጭን ቢደርስ ነው። ታቹ ነጭ አሸዋ ወይም የባሕር ሣር ነው። ባሕሩ ሲሞላ ቦንፊሽ የሚባለው ዓሣ ሸርጣንና ሽሪምፕ ፍለጋ ወደዚህ ይገባል። እዚህ እንዲያው በደፈናው መወርወር የለም። ዓሣው መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ፍላዩ ከፊቱ ይጣልለታል።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የያዝኩት መነጽር የመዳብ ቀለም ያለው ፖላራይዝድ ሌንስ ነው። ሌንሱ ብርጭቆ ነው፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው። ከ200 ዶላር በላይ አውጥቼበታለሁ፤ ዋጋው አይቀመስም። መኖሪያዬ ማያሚ ስለሆነ የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር ቤሊዝ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሞከርኩትም እዚያው አምበርግሪስ ኬይ ደሴት አካባቢ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ መነጽር የሚሠሩ ብዙ ናቸው፣ የምለውም አብዛኛው ለሁሉም ይሠራል።

ያለ መነጽር እኩለ ቀን ላይ ውሃው ፀሐይ እንዳረፈችበት አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ዓይን ያጥበረብራል። ከውሃ ነጥሮ የሚመጣ ብርሃን በአብዛኛው አግድም የሚርገበገብ ነው። ፖላራይዝድ ሌንስ ያንን አግድሙን ያስቀርና ሌላውን ያሳልፋል። ነጸብራቁ ሲጠፋ ታቹ ወለል ብሎ ይታያል። ይበልጥ የሚሠራው ውሃውን አዘንብላችሁ ስታዩ ነው፤ ከውሃው ገጽ 37 ዲግሪ ገደማ። ቁልቁል እግራችሁ ሥር ስታዩ ልዩነቱ እምብዛም ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭንቅላትን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ብቻውን የተደበቀውን ዓሣ ያወጣዋል። ፀሐይ ከጀርባ ከሆነች የተሻለ ነው።

ቀለሙ ግን ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣብኝ ነገር ነው። በፊት ግራጫ ሌንስ ነበረኝ። ግራጫ ቀለማትን አያዛባም፤ ለጥልቅ ሰማያዊ ውሃ ምንም አይወጣለትም። ፍላት ላይ ግን ሁሉን ነገር ደብዛዛ ያደርገዋል። የመዳቡ አሸዋውን ያበራዋል፣ ሣሩን ያጠቁረዋል።

ጋይዱ ከኋላ ካለው ከፍታ ላይ ቆሞ ጀልባዋን በረጅም ዘንግ እየገፋ “አሥር ሰዓት! አርባ ጫማ! ወደ ግራ እየሄደ ነው!” ይላል። አቅጣጫ የሚነገረው እንደ ሰዓት ቁጥሮች ነው፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12 ሰዓት ነው (የሀበሻ አቆጣጠር እዚህ አይሠራም)። ወደተባለው አቅጣጫ ስታዩ መጀመሪያ ምንም የለም። የቦንፊሽ ጎን ያለበትን ቦታ መልሶ ያንጸባርቃል፤ አሸዋ ላይ አሸዋ ይሆናል፣ ሣር ላይ አረንጓዴ። ጥላውን ግን መደበቅ አይችልም። በመዳቡ ሌንስ አሸዋው ላይ የሚንሸራተት፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ሞላላ ጥላ ይታያል። ከጥላው ትንሽ ከፍ ብላችሁ ስትፈልጉ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ጅራቱ ይመጣል። በግራጫው ይህን ጥላ ከሣር ለመለየት ስንታገል ዓሣው ሄዷል።

ቤሊዝ ውስጥ ቦንፊሽ፣ ታርፖንና ፐርሚት የሚባሉት ዓሦች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተይዘው ወዲያው የሚለቀቁ ናቸው። የሚበላ ነገር ይዞ መመለስ ስለሌለ፣ ለእኔ ግማሹ ደስታ ማየቱ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። ላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ሽፋን በታችኛው ጠርዝ፣ ላብ በሚጠራቀምበት በኩል፣ በጥቂት ወራት መላጥ ጀመረ። ለአምራቹ ጻፍኩ። ዋስትናው የሽፋን መላጥን አይጨምርም ተባልኩ፤ ምትክ ሌንስ በቅናሽ ልሽጥልህ አሉኝ። በዚያ ዋጋ ይህ መልስ አያስደስትም። እይታውን እስካሁን አላበላሸውም፣ ግን ደግሜ ብገዛ ሽፋን የሌለውን ነው የምመርጠው። ለማማር ካልሆነ ብዙም አልጠቀመኝም።

የማጠፊያው ብሎን ደግሞ ዝጓል። ጨው ምሕረት የለውም። ማታ ማታ በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ መጥረግ ከዚያ በኋላ ነው። የደረቀ ጨው ላይ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ማለት ሌንሱን መፍጨት ነው። በዚህ ምክንያት ይሁን በብርጭቆው ጥንካሬ ሌንሱ ላይ እስካሁን ጭረት የለም። የትንኝ መከላከያ ለምትቀቡ፦ ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት ከሆነ የፕላስቲክ ፍሬም ይበላል፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትንኩት።

ብርጭቆ ስለሆነ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ አፍንጫ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ነፋስ የገፋው ከባድ ፍላይ ወደ ፊት ሲመጣም ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እሱ ይጫራል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ቀላል መነጽር የሚፈልግ ሰው እሱን ይያዝ። መነጽር ያላደረገ ግን ጀልባ ላይ ባይወጣ ይሻለዋል፤ መንጠቆ ከዓይን ጋር ቀልድ አያውቅም።

ሌላም አለ። የስልክና የጂፒኤስ ስክሪን አዙራችሁ ስታዩት ሊጨልም ይችላል፤ አልተበላሸም፣ ፖላራይዝድ ስለሆነ ነው። ባሌ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምዱም የመዳብ ቀለሙ የሚመች ይመስለኛል፣ እኔ እዚያ አልሞከርኩትም።

የማይሠራበት ጊዜ ንጋትና ደመና ነው። ሌንሱ የሚያሳልፈው ብርሃን ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጠዋት ጀልባ ላይ ስትወጡ ጨለማ ነው የሚሆንባችሁ። ለዚያ ሰዓት ቢጫ ሌንስ ያለው ርካሽ ፖላራይዝድ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ እሱ ይበቃል።