የፒፔት ሮቦታችንና የናሙና መዝገባችን፣ ከ11 ወር በኋላ

ሮቦቱ ላብራቶሪያችን ከገባ 11 ወሩ ነው። ከእሱ ጋር የናሙና መረጃ የሚይዝ ሶፍትዌርም ገዝተናል፤ በሙያው ሊምስ የሚሉትን። ሁለቱን ለያይቼ መገምገም አልችልም። ሮቦቱ በፒፔት፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ በሚስብ መሣሪያ፣ ፈሳሽ ይቀዳል፣ ሊምሱ የትኛው ናሙና የት እንደተቀዳ ይይዛል።

ሥራችን ዲኤንኤ ማውጣትና ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን ማባዛት ነው። ናሙና የምንቀዳበት ዝርግ ሳህን፣ ፕሌት የምንለው፣ አንዱ 8 ረድፍና 12 አምድ፣ በድምሩ 96 ጉድጓድ አለው። በእጁ የቀዳ ሰው ያውቀዋል። ስልክ ይጮኻል፣ ቀና ትላላችሁ፣ ስትመለሱ የቱ ጉድጓድ ላይ እንደነበራችሁ ይጠፋባችኋል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ ስለምትጨምሩ በዓይን አይለይም።

የገዛነው ፍጥነት ፈልገን ነበር። እሱን አላገኘንም። እጁ የተፍታታ ባለሙያ ባለ 8 አፍ ፒፔት ይዞ አንድ ፕሌት ቢሠራ ሮቦቱን ይቀድመዋል። ያገኘነው ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋት የተሠራውና ማታ የተሠራው ፕሌት አንድ ዓይነት ሆነ። እጇን ያማት የነበረች ባልደረባችንም እፎይ አለች።

የመጀመሪያው ወር ተኩል ከባድ ነበር። የፕሌት ርዝመትና ወርድ በደረጃ የተወሰነ ነው፤ 127.76 በ85.48 ሚሊሜትር። ስለዚህ የየትኛውም ፋብሪካ ፕሌት ሮቦቱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ይህ አዘናጋን። የጉድጓዱ ጥልቀትና የታችኛው ቅርጽ ግን ይለያያል። ከዚያም አልፎ በ3ኛው ወር የፕሌት ዓይነት ስንቀይር አዲሱን ልኬት ሮቦቱ ላይ አልሞላንም። ቲፑ፣ ማለትም ፈሳሹን የሚስበው የፒፔቱ ጫፍ፣ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ተጣብቆ አፉ ተዘጋ፣ ብዙ ጉድጓድ ባዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሌት ሲመጣ መጀመሪያ ቀለም ያለው ውሃ እናስቀዳዋለን።

ፈሳሽ ሁሉም እንደ ውሃ አይደለም። የፒሲአር ኢንዛይም ግሊሰሮል ስላለበት እንደ ማር ይንቀረፈፋል። ሮቦቱ ቀስ ብሎ እንዲስብ፣ ከሳበም በኋላ ትንሽ ቆም እንዲል ካልታዘዘ መጠኑ ይጎድላል። ኤታኖል ሌላ ጠባይ አለው። ቲፑ ውስጥ ይተንና እንፋሎቱ ፈሳሹን ወደ ታች ገፍቶ መንገድ ላይ ያንጠባጥበዋል። መፍትሔው ቲፑን በዚያው ኤታኖል ሁለት ሦስት ጊዜ ማራስ ነው። ይህን ሁሉ የተማርነው ፕሌት እያበላሸን ነው።

መጠኑን በየወሩ በሚዛን እናረጋግጣለን። አንድ ማይክሮሊትር ውሃ አንድ ሚሊግራም ያህል ስለሚመዝን ነገሩ ቀላል ነው። በ7ኛው ወር ከ8ቱ አንዱ አፍ 20 ማይክሮሊትር ሲታዘዝ 18.6 ይሰጥ ጀመር። ያለቀው ትንሽ የጎማ ቀለበት ነበር። ባንመዝን ኖሮ የዚያን ረድፍ ውጤት ለወራት አምነነው እንቆይ ነበር።

ወደ መረጃው ልምጣ። ከዚህ በፊት የምንጠቀመው ኤክሴል ነበር። ኤክሴል ሴፕት2 እና ማርች1 የሚባሉትን ጂኖች ወደ ቀን እየቀየረ ስላስቸገረ፣ የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ስማቸው ሴፕቲን2 እና ማርችኤፍ1 መሆኑን አስታውቋል። እኛም ደርሶብናል። በ3 እና በ5 መካከል «ኢ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት የናሙና ኮድ ነበረን፤ ኤክሴል ከ3 ቀጥሎ አምስት ዜሮ ማለት መስሎት 300,000 አድርጎ አስቀመጠው። ሊምሱ ኮድን እንደ ጽሑፍ ብቻ ስለሚይዝ ከዚህ ጣጣ ወጥተናል።

ሊምሱን ከልቤ የወደድኩት በ9ኛው ወር ነው። የ11 ናሙናዎች ውጤት ከሌሎቹ ተለይቶ ደከመ። ድሮ ቢሆን ሁሉንም ደግመን እንሠራ ነበር። አሁን ቱቦዎቹን ስካን አደረግናቸው። የትኛው ፕሌት፣ የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው የሬጀንት (የምንጠቀምበት ኬሚካል) ሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተመረተበት ዙር፣ ሁሉም ተዘርዝሮ መጣ። 11ዱም የተሠሩት በአንድ ሎት ነበር። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ሮቦቱ የሠራውን እዚያው ይመዘግባል፤ ማንም ማታ ቁጭ ብሎ ከትዝታው አልጻፈውም። ለእኔ የእነዚህ ወራት ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

የሚያበሳጨኝም እዚሁ ላይ ነው። ሻጩ መረጃችሁን በፈለጋችሁ ጊዜ ታወጣላችሁ ብሎን ነበር። ይወጣ የነበረው ግን ፒዲኤፍ ሪፖርት ብቻ ነበር። ሌላ ፕሮግራም የሚያነበው የሲኤስቪ ፋይል ለማግኘት ሁለት ወር ተጻጻፍን። የራሳችን መረጃ እኮ ነው! ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ዓይናችሁ እያየ ሙሉ መረጃውን እንዲያወጣው ጠይቁ። የሮቦቱ ሰዓት ደግሞ ከሰርቨሩ 7 ደቂቃ ወደ ኋላ ነበር። ናሙናው ገና ሳይመዘገብ የተቀዳ ይመስል ነበር። ሁለቱን ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር ስናያይዛቸው ተስተካከለ።

የእኛም ጥፋት አለ። መጀመሪያ ላይ አምስት ሰዎች በአንድ ፓስዎርድ እንገባ ነበር። ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው መዝገብ የሁሉንም ሥራ በአንድ ስም ጻፈው። የዚያን ጊዜ ማስተካከያዎች የማን እንደሆኑ ዛሬም መለየት አልቻልንም። ተራ ወረቀት ላይ የታተመው ባርኮድም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ተላቀቀ፤ ለቅዝቃዜ የተሠራ መለያ ግዙ።

ዳግም ብገዛ ሊምሱን ከሮቦቱ ሦስት ወር አስቀድሜ አስገባለሁ። ናሙናዎቹ በሥርዓት ተሰይመው ቢጠብቁት ያ ወር ተኩል በግማሽ ያጥር ነበር። ፍሪዘሩ ውስጥ ያሉት የድሮ ቱቦዎች አሁንም ባርኮድ የላቸውም። በየዓርቡ አንድ ሳጥን እያወጣን፣ ደረቅ በረዶ ላይ አስቀምጠን እንመዘግባለን። 14 ሳጥን ይቀረናል።