ኢፖክሲና ማሸጊያ፦ ለኮምፔንሳቶ ጀልባዬ የገዛኋቸው

ሲያትል ስትኖር ውሃ አይቀርልህም፤ እኔም ጋራዤ ውስጥ ትንሽ የኮምፔንሳቶ ጀልባ ሠራሁ። ስለ ዕቃዎቹ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ኢፖክሲው (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠነክር ሙጫ) ዌስት ሲስተም 105 ነው፣ ከ205 ማጠንከሪያ ጋር። ልኩ አምስት ለአንድ ነው። ፓምፖቹን አብራችሁ ግዙ፤ ከሁለቱም እኩል ጊዜ ስትጫኑ ልኩ ራሱ ይመጣል። 205 ችኩል ነው። 22 ዲግሪ ላይ እንኳ ዕቃው ውስጥ ከቆየ በአስር ደቂቃ ገደማ ግሎ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ ለሚሠራ ቀስ ብሎ የሚጠነክረው 206 ማጠንከሪያ ይሻላል። ማዕዘኖቹን ለመሙላት ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ጨምሬ እንደ ገንፎ አወፈርኩት። በጣም ወድጄዋለሁ።

ግን ኢፖክሲ ከጠነከረ በኋላ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ብረት እንጨት ላይ ሲታሰር ደግሞ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ማሸጊያ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ ስሪ ኤም 5200 ይላል። ጉልበተኛ ነው፣ አልክድም። ለገመድ ማሰሪያ ብረት ግን በዛ፤ ነገ ልንቀለው ብትሉ እንጨቱን ይዞ ይነሳል። እኔ የዚያኑ የስሪ ኤምን 4200 ነው የተጠቀምኩት። ውሃ አያስገባም፣ ሲፈለግም ይላቀቃል።

ሁለቱ አብረው የሚያምሩት የብሎን ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍታችሁ ብሱት፣ በወፈረው ኢፖክሲ ድፈኑት፣ ሲጠነክር መሃሉን በልኩ ፑንታ እንደገና ብሱት። ከዚያ ብረቱን በማሸጊያ እሰሩ። ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይደለም። ብሎኑን በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻ አታጥብቁት፤ ማሸጊያው ተጨምቆ ያልቃል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ቀልድ የለም። ኢፖክሲው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ማሸጊያ አታስነኩት። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይወጣል፤ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። አንድ ሱቅ ሻጩ «ሲሊኮንም ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ኧረ ያው አይደለም! ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ኢፖክሲም አይዝም።

ፀሐይ ኢፖክሲን ትጎዳዋለች፤ ላዩን ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቀቡት። ጓንት ግድ ነው። ማሸጊያውን ደግሞ በትንሿ ቱቦ ግዙ። የሚደርቀው በአየር እርጥበት ስለሆነ አንዴ የተከፈተ ቱቦ ብዙ አይቆይም። ትንሿ በመጠኗ ስትታይ ትወደዳለች፣ ግን የትልቁን ግማሽ ከመጣል ይረክሳል።