ኤልኤፍፒ ወይስ ኤንኤምሲ? የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን እንምረጥ

የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በተነሳበት ሁሉ አንድ ሰው ሮኬት ሳያስገባበት አይቀርም። አንዱ "ሮኬት ጠፈር ልኮ መልሶ በእግሩ ሚያቆም ሰውዬ የሰራት መኪና ምን ትሆናለች" ይላል (የቴስላውን ኢሎን መስክ ማለቱ ነው)፣ ሌላው "ያ ሁሉ ገንዘብ ለሀብታም ሽርሽር ነው ሚቃጠለው" ብሎ ይነሳል፣ ክርክሩ ይሞቃል፣ መሀል ላይ "የቱን መኪና ልግዛ" ብሎ የጠየቀው ምስኪን ተረስቶ ይቀራል። ይሄን ምጽፈው ለሱ ነው።

ሮኬቱን ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፣ ነገሩን ለማስረዳት ይመቸኛል። ሮኬት ላብ ሚባለው የግል ኩባንያ ኤሌክትሮን ምትባል ትንሽ ሮኬት አለችው፣ ነዳጁን ወደ ሞተር ሚገፋው ፓምፕ ሚሰራው በባትሪ ነው። ታዲያ የሮኬቱ ሁለተኛ (ላይኛው) ክፍል እየበረረ እያለ አንዱ ባትሪ ሲያልቅ ፈቶ ይጥለዋል፣ እዛው በረራ ላይ! ለምን ካላችሁ እዛ ላይ ባዶ የሆነ ኪሎ መሸከም ማለት ሚወሰደውን እቃ መቀነስ ማለት ነው። ለዚህ አይነት ስራ ቀላል ባትሪ ተፈልጎ ምንም ቢከፈልበት ያዋጣል። የናንተ መኪና ግን ባትሪውን መንገድ ላይ አይጥልም፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፣ ሲመለስ ይሰካል። ስለዚህ ለሮኬት ሚያዋጣው ነገር ለናንተም ያዋጣል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሙሉ ሀሳቤ እዚህ ላይ ነው የቆመው።

አሁን ገበያ ላይ ካሉት መኪኖች አብዛኞቹ ከሁለት አይነት ባትሪ አንዱን ነው የያዙት። አንዱ ኤልኤፍፒ ነው፣ ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት። ሌላው ኤንኤምሲ ነው፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት (ኤንሲኤ ሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፣ ማንጋኒዙ በአልሙኒየም የተተካ፣ ለገዢ ያው አንድ ናቸው)። ሚገርመው የሁለቱም ዘር ከአንድ ሰው እጅ ነው የወጣው፣ ጆን ጉዲናፍ። በ1980 ኦክስፎርድ እያለ ኮባልት ያለበትን አሳየ፣ በ1990ዎቹ ደሞ ቴክሳስ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የብረት ፎስፌቱን አመጣው። ኖቤል የሰጡት በ2019 ነው፣ በ97 አመቱ።

የቱ መኪና የቱን እንደያዘ በስሙ ብቻ አይታወቅም፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቻይናው ቢዋይዲ አያስቸግርም፣ ብሌድ ሚለው ባትሪው ኤልኤፍፒ ነው። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 እና ኪያ ኢቪ6 የኒኬል ናቸው። ቴስላ ሞዴል 3 ላይ ግን አንድ ስም ይዞ ሁለት ባትሪ ነው፣ በኋላ ጎማ ብቻ ሚነዳው ርካሹ ብዙ ጊዜ ኤልኤፍፒ ሲሆን ሎንግ ሬንጅ ሚለው የኒኬል ነው። ቴስላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የመኪናው መረጃ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን አይነት ታነባላችሁ፣ ሌላ መኪና ከሆነ ደሞ ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን አመተ ምህረቱንና ደረጃውን ጨምራችሁ ጠይቁ።

ክብደት ላይ ኤንኤምሲ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። ኤልኤፍፒ ሴል (ባትሪው ከብዙ ሴሎች ነው ሚገጣጠመው) በኪሎ ከ160 እስከ 190 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል፣ ኤንኤምሲ ወደ 250 ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። እስቲ እናስላው፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት (60,000 ዋት ሰዓት) ባትሪ ብትፈልጉ ሴሉ ብቻ በኤልኤፍፒ 350 ኪሎ ገደማ፣ በኤንኤምሲ 240 ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ 110 ኪሎ ነው፣ አንድ ደህና ወፍራም አጎት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሌ አብሯችሁ ይሄዳል እንደማለት። ሮኬት ቢሆን አጎትየውን መሬት ጥሎት ይሄድ ነበር። መኪና ግን ትንሽ ፍጆታ ይጨምራል እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም፣ በዛ ላይ ኤልኤፍፒ ሰሪዎቹ ሴሎቹን በትናንሽ ሳጥን (ሞጁል) ሳይከፋፍሉ ቀጥታ ትልቁ የባትሪ ሳጥን (ፓክ) ውስጥ ስለሚደረድሩ ልዩነቱ ሳጥኑ ጭምር ሲመዘን ይጠባል።

አሁን ሰው ማያወራው ነገር ላይ ልምጣ፣ ፐርሰንቱ። አንድ የቅርብ ዘመዴ ኤልኤፍፒ መኪና ገዛ፣ ገና ሳይገዛ ግን "ከ80 በላይ እንዳትሞላ ባትሪው ይሞታል" ሚለውን ምክር ሰምቶ ነበር እና እንደ ጾም ያዘው፣ ሁለት ወር ሙሉ ከ70 አላሳለፈም። አንድ ማታ አብሬው ነበርኩ፣ ስክሪኑ 13 ፐርሰንት ይላል፣ የቀረን 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዘና ብለን እያወራን ዳገት ጀመርን። 13ቱ 12 ሆነ፣ ከዛ 11 ሳይል 5 ሆነ፣ ከዛ የኤሊ ምልክት በራ እና መኪናው እውነትም ኤሊ ሆነ። ዳገቱን የጨረስነው ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብን ነው። መኪናው አልተበላሸም፣ ባትሪውም አልሞተም፣ ስንት እንደቀረው ነው የጠፋበት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር አይታችኋል አይደል፣ እሳቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይነድና ሊያልቅ ሲል ድንገት ይሞታል፣ እሳቱን አይታችሁ ስንት እንደቀረ አታውቁም። ኤልኤፍፒም እንደዛው ነው፣ ሴሉ 80 ፐርሰንት ላይም ሆነ 30 ላይ ቮልቴጁ 3.2 እና 3.3 መሀል ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ስለዚህ ባትሪውን ሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ቢኤምኤስ ሚሉት፣ የገባና የወጣውን እየቆጠረ ነው ሚገምተው፣ ግምቱ ደሞ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ይስታል። ማስተካከያው 100 መሙላት ነው፣ ሲሞላ ቮልቴጁ ድንገት ሽቅብ ስለሚወጣ ኮምፒውተሩ "እሺ ሞልቷል" ብሎ ከዛ ይጀምራል። ቴስላ ራሱ ለኤልኤፍፒ መኪኖቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ 100 ሙሉት ነው ሚለው። ዘመዴ በማግስቱ ሞላው፣ ከጥቂት ሙሌት በኋላ ፐርሰንቱ ወደ ልቦናው ተመለሰ።

ኤንኤምሲ ተቃራኒው ነው። ቮልቴጁ ከ4.2 ጀምሮ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ፐርሰንቱ ይታመናል፣ ግን ሞልቶ መቀመጥ አይወድም፣ ለየቀኑ 80 ላይ አቁሙት፣ ረጅም መንገድ ሲኖር ብቻ 100 ሞልታችሁ ወዲያው ውጡ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሒሳብ ስሩ፣ ወረቀቱ ላይ 450 ኪሎ ሜትር የተጻፈለት ኤንኤምሲ በየቀኑ በ80 ሲነዳ 360 ነው፣ 380 የተጻፈለት ኤልኤፍፒ ግን 380ውን ሙሉውን ትጠቀሙበታላችሁ። ብዙ ሰው በወረቀቱ ቁጥር ተማርኮ ተጨማሪ ከፍሎ በተግባር ያነሰ መኪና ይገዛል። ቁጥሩ ራሱ ደሞ በምን እንደተለካ እዩ፣ የቻይናው ሲኤልቲሲ ቸር ነው፣ የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ መሀል ነው፣ የአሜሪካው ኢፒኤ ቆጥቋጣ ነው፣ እና ሁለት መኪና በሁለት ሚዛን አታወዳድሩ።

እድሜ ላይ ሁሉም ሰው "ኤልኤፍፒ 3,000 ጊዜ ይሞላል፣ ኤንኤምሲ 1,500" ይላል። ደህና፣ ኤልኤፍፒ በደንብ ይበልጣል። ግን በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 1,500ን በ400 አባዙት፣ 600 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ ያን ያህል ሚነዳ ሰው ስንት ነው? ለተራ ሰው ባትሪውን ቀድሞ ሚያረጀው የሙሌት ብዛት ሳይሆን ሙቀትና ሞልቶ መቀመጥ ነው። የጠፈር ጣቢያው ላይ እዩት፣ በ90 ደቂቃ አንዴ መሬትን ስለሚዞር በቀን 16 ጊዜ ገደማ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ ባትሪው በአመት ወደ 5,800 ጊዜ ይወርዳል ይሞላል ማለት ነው፣ አመታት ሚቆየው እስከ ጥግ ስለማያወርዱትና ሙቀቱን ስለሚጠብቁለት ነው። ስለዚህ ከኬሚስትሪው እኩል ጠይቁ፣ ባትሪው በፈሳሽ ነው ሚቀዘቅዘው? የድሮዎቹ ኒሳን ሊፎች ይሄ የላቸውም፣ ሞቃት ቦታ የኖሩት ቶሎ ነው የደከሙት። ርካሽ ሊፍ ስታዩ ያ ርካሽነት ከየት እንደመጣ አስቡ።

እሳት። ሁለቱም ሊቃጠሉ ይችላሉ፣ አይቃጠልም ያላችሁ ሻጭ ዋሽቷል። ግን ኤልኤፍፒ ውስጥ ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር ጠብቆ ስለታሰረ በቀላሉ አይለቅም፣ ኤንኤምሲ ግን ሲግል የራሱን ኦክስጅን ለራሱ እሳት ያቀብላል። ቢዋይዲ በ2020 ሁለቱን በምስማር ወግቶ ሲያሳይ ብሌዱ ዝም አለ፣ ኤንኤምሲው በነበልባል ፈነዳ። ማስታወቂያ ነው፣ አዎ፣ ግን ኬሚስትሪው እውነት ነው። መኪናውን ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ስር ምታቆሙ ከሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብርድ ላይ ኤልኤፍፒ ይሸነፋል። ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ ኃይሉም ይቀንሳል፣ ቻርጅ ለመቀበልም ባትሪው እስኪሞቅ ያስጠብቃል። ክረምቱ በረዶ የሆነበት ሀገር ደጅ ላይ ሚያድር መኪና ከሆነ እኔም ኤንኤምሲ ውሰዱ እላለሁ፣ ወይ ቢያንስ ባትሪ ማሞቂያ ያለው ኤልኤፍፒ።

የቻርጅ ፍጥነት ላይ ድሮ ኤንኤምሲ ነበር ሚመራው፣ አዮኒክ 5 በ350 ኪሎዋት ቻርጀር ከ10 እስከ 80 በ18 ደቂቃ ይሞላል። አሁን ኤልኤፍፒም ደርሷል፣ ቢዋይዲ በ2025 ባሳየው ሲስተም በ5 ደቂቃ 400 ኪሎ ሜትር እሰጣለሁ ብሏል (በዛ በቸሩ ሚዛን)። ግን እስቲ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩት፣ እንደዚህ አይነት ቻርጀር አጠገባችሁ አለ? ቤት ውስጥ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካለ ከ20 ወደ 80 ለመድረስ 60 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፣ የግድግዳ ሶኬት ብቻ ካለ ደሞ ማታ ሰክታችሁ በማግስቱ ከሰአት ነው፣ እና ባትሪው ኤልኤፍፒ ሆነ ኤንኤምሲ ምንም ለውጥ የለውም። የሶኬቱን አይነት ግን እዩ። ሲሲኤስ 2፣ ጂቢቲ፣ ቻደሞ፣ ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላ የመጣ መኪና ፈጣን ቻርጀር ጋ ሄዶ አልገባም ሊል ይችላል፣ አዳፕተር አለ ሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም፣ ሲሰራ በአይናችሁ እዩ።

"አዲስ ባትሪ እየመጣ ነው ልጠብቅ" ለምትሉ፣ ሶሊድ ስቴት የሚሉትን (ውስጡ በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ነገር ያለውን) ቶዮታ ለ2027 ወይ 2028 ይላል፣ ከዛ በፊት ደሞ ለ2020ዎቹ መጀመሪያ ብሎ ነበር። በሶዲየም ሚሰራው ግን መጥቷል፣ የቻይናው ባትሪ ሰሪ ሲኤቲኤል በ2021 አስተዋውቆት ቻይና ውስጥ ትናንሽ መኪኖች ላይ መግባት ጀምሯል፣ ብርድ ይችላል ግን በኪሎ ሚይዘው ያንሳል። መኪና ሚያስፈልጋችሁ ዛሬ ከሆነ አትጠብቁ፣ ያሁኑን የነዳጅ መኪናችሁን ገና ሁለት ሶስት አመት ምትነዱት ከሆነ ደሞ ማንም አልቸኮለባችሁም።

እንግዲህ ቤቱ ሚሰካበት ቦታ ላለው፣ በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ለሚነዳ፣ መኪናውን አስር አመት ላቆየው ለሚል ሰው እኔ ሳላመነታ ኤልኤፍፒ እላለሁ። ኤንኤምሲን ምሰጠው በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ለሚወጣ፣ በረዶ ላይ ለሚኖር፣ ወይ ከባድ ነገር ለሚጎትት ነው፣ እዛ ላይ ያ 110 ኪሎ እውነትም ይቆጠራል።

ያገለገለ ምትገዙ ከሆነ አንድ ሙከራ አለች፣ ኤልኤፍፒም ኤንኤምሲም ላይ ትሰራለች። ሻጩን ማታ 100 ሙላልኝ በሉት። ጠዋት ሄዳችሁ ጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጋችሁ ፐርሰንቱ 50 እስኪደርስ ንዱ፣ ከዛ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀመ አንብባችሁ በሁለት አባዙት። አዲስ ሲሆን 60 የነበረው 27 ከበላ 54 አለው፣ 90 ፐርሰንት ነው፣ ደህና ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለስምንት አመት ወይ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ሚሰጡት 70 ፐርሰንት ላይ ስለሆነ 42 አካባቢ ካገኛችሁ ዋጋው ላይ በደንብ ተከራከሩ። ሻጩ "100 መሙላት ይጎዳዋል" ብሎ እምቢ ካለ፣ ለአንድ ሌሊት የትኛውም ባትሪ አይጎዳም፣ መኪናው ኤልኤፍፒ ከሆነ ደሞ ወይ የሚሸጠውን አያውቀውም ወይ ያቺን 50 ፐርሰንት እንድታዩ አልፈለገም፣ በሁለቱም ቁልፉን መልሱለት።