ፓይስታር፦ ከአርክቴክቸሩ በፊት ዓላማውን የሚያስጠይቅ መሣያ

ጎንደር ፒያሳ ለሚገኝ አንድ ፔንሲዮን የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር ለመሥራት ስንነሣ፣ መስፈርቱን በተለመደው ረጅም ዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ በፓይስታር ለመሣል ወሰንን። ፓይስታር በብሮውዘር የሚሠራ፣ ክፍያም ሆነ ጭነት የማይጠይቅ መሣሪያ ነው። የሚከተለው የሞዴል ቋንቋ፣ ማለትም የሥዕል ምልክቶቹና ሕጎቹ፣ አይስታር ይባላል፤ መነሻው ኤሪክ ዩ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ሲሆን፣ ሁለተኛው እትም በ2016 ወጥቷል።

ቋንቋው የሚጀምረው ሲስተሙ ምን ይሥራ ከማለት ሳይሆን፣ ማን ምን ይፈልጋል፣ ለዚያስ በማን ላይ ይመካል ብሎ ከመጠየቅ ነው። ባለድርሻዎች በክብ፣ ዓላማዎች በሞላላ፣ ተግባራት በባለ ስድስት ጎን፣ እንደ ፍጥነት ያሉ የጥራት ፍላጎቶች ደግሞ በደመና ቅርጽ ይሣላሉ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ሥዕሉን ሲያዩ በመጀመሪያ የጠየቁኝ «ይኼ ክብ እኔ ነኝ?» ብለው ነበር።

መሣሪያው የጠቀመን አርክቴክቸሩን፣ ማለትም የሶፍትዌሩን አጠቃላይ አወቃቀር፣ ስንመርጥ ነው። «የክፍል መዝገብ መያዝ» የሚለውን ዓላማ በ«ወይም» ለሁለት ከፈልነው፦ መዝገቡን በክላውድ ሰርቨር (በኢንተርኔት በሚደረስበት የሩቅ ኮምፒውተር) ማስቀመጥ፣ ወይም በቤቱ ኮምፒውተር አኑሮ ኔትወርክ ሲገኝ ማመሳሰል። ከዚያ የእያንዳንዱን ውጤት በቀስት አሳየን፦ የመጀመሪያው ከሩቅ ለመቆጣጠር «ይረዳል»፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም የሚለውን ጥራት ግን «ይጎዳል»። በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ሲጠብቅ ማየት የሰለቻቸው ባለቤት ቀስቶቹን ተከትለው ሁለተኛውን መረጡ። ሆኖም ያው ሥዕል የምርጫቸውንም ጉዳት አሳየን፤ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት ከሩቅ የሚመጣ ጥያቄ አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው ሊያሰጥ ይችላልና፣ እንግዳ ተቀባዩ ሳያረጋግጥ ምንም ክፍል እንዳይያዝ የሚል ተግባር ጨመርን። በዝርዝር ብንጽፈው ኖሮ ይህን የምናገኘው ከጥምቀት በኋላ ይመስለኛል።

መሣሪያው ሕግ ያስከብራል፤ ለምሳሌ «ይረዳል» የሚለውን ቀስት ከጥራት ውጭ ወደ ሌላ ነገር ለመሳብ ቢሞከር አይቀበልም። አማራጮችን አመዛዝኖ ግን ውጤት አያሰላም። ስሌት የሚፈልግ ሰው ኤክሊፕስ በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚጫነውን ጄዩሲኤምናቭ የተባለ ሌላ መሣሪያ ቢሞክር ይሻላል፤ እሱ የዓላማዎችን መሳካት ከ−100 እስከ 100 ባለው መለኪያ ያሳያል፣ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የባለድርሻው ቁጥር ሲበዛ መስመሮቹ እየተጠላለፉ ሥዕሉ ለንባብ ስለሚያስቸግር፣ እኛ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ የተለየ ፋይል ከፈትን። ሞዴሉ በራስ ኮምፒውተር ላይ በፋይል ስለሚቀመጥ፣ በየማስተካከያው ቀኑን በስሙ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።