«አልሸጥልሽም» ላሉኝ እናት ምስጋና

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ጥርስ የሚያበቅል ልጅ ቤታችሁ ያለ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የልጆች መጫወቻ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ገንዘቤን አልቀበልም ብለው መለሱኝ። ላመሰግናቸው ነው የምጽፈው።

ስማቸውን አልጠቅስም። «ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪኝ፣ ሰው ይስቅብኛል» ብለውኛል። እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እትዬ ይሁኑ።

ልጄ ሰባት ወሯ ነው። ቁጭ ማለት ከጀመረች ወዲህ የያዘችው ሁሉ ወደ አፍ ነው። ሪሞት፣ የጫማ ክር፣ የአባቷ ጣት። እኔ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ በዎከር ቤቱን ሲዞረው አይቼ ቀንቻለሁ። ያ ባለ ጎማው፣ ልጁ መሃሉ ላይ የሚቀመጥበት፣ ፊት ለፊቱ ሙዚቃ ያለው። ብር አጠራቅሜ ሄድኩ። እትዬ ጋ አንድ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዋጋውን ስጠይቃቸው «ቤትሽ ደረጃ አለው?» አሉኝ። በረንዳው ላይ አራት ደረጃ አለ። «ምድጃሽስ?» መሬት ላይ ነው። «እንግዲያ አልሸጥልሽም።»

«ምነው እትዬ፣ እግሯ ቶሎ ይጸናል ብዬ እኮ ነው።»

«እግር የሚጸናው መሬት ለመሬት ሲዳህ ነው፣ ልጄ። ይኼ ፍጥነት ነው የሚሰጣት። አንቺ ዞር ስትዪ እሷ ደረጃው አፍ ላይ ናት።»

ታዲያ ያ የተንጠለጠለው ለማን ነው? «ሳላውቅ ያመጣሁት ነው። ኪሳራዬ ነው፣ ይንጠልጠል።»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ማታ ስልኬ ላይ ስፈልግ ግን ካናዳ ዎከር መሸጥን በ1996 ዓ.ም. ጭራሽ ከልክላለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እዚያ አገር እንዲታገድ ይወተውታል። ልጅን ቶሎ ያስኬዳል የሚባለውም ሐሰት ነው።

እትዬ ሱቅ ያየሁትን አንድ ካርቶን ደግሞ ልንገራችሁ። ባንኮኒያቸው ላይ አንድ የሶፍት ካርቶን ቆሟል፤ ሶፍቱ ሲያልቅ መሃሉ ላይ የሚቀረው። ከመያዝ ብዛት አፉ ተሸብሽቧል። ዕቃ ሲመጣላቸው የሚመዝኑት በእሱ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና አነሱና ጎማዋን በሁለት ጣት ጠመዘዙት፣ ወለቀ። በካርቶኑ ለቀቁት፣ ጠብ አለ። «በዚህ ከገባ ቤትሽ አይግባ» አሉኝ። ሦስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሕጉ ይኸው ነው። የድቡን ዓይን ሳቡት፤ በሙጫ የተለጠፈ ነበር፣ ጥፍራቸው ስር ገባ። በክር የተጠለፈ ዓይን ያለውን አሳዩኝ። እሱንም ቢሆን ዓመት እስኪሞላት ቀን ትጫወትበት እንጂ አብሯት አይተኛ አሉ።

እዚህ ላይ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአስፋልት ዳር፣ ሲነቀንቁት የሚንሿሿ መጫወቻ ገዝቼላት ነበር። ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ሰነጠቀ። ምን አለበት ብዬ መልሼ ሰጠኋት። ማታ ልብሷን ስቀይር ጉንጯ አብጦ አየሁ። ከድዷና ከጉንጯ መሃል ሽምብራ የምታክል ቢጫ ፍሬ ነበረች። በትንሿ ጣቴ ጠርጌ አወጣኋት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለባለቤቴም። እትዬ ፊት ግን አወጣሁት። አልተቆጡኝም። «እንኳን እግዜር አተረፈልሽ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ሻዩን እየጠጣሁ የባትሪውን ነገሩኝ። ሳንቲም የምትመስለዋ ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ስለዚህ የባትሪው ክዳን በብሎን ያልታሰረ ነገር አይሸጡም። ልጅ ከዋጠ ደግሞ እስኪወጣ ልይ፣ ላስመልሰው ማለት የለም፤ ቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል።

ፊኛም አይወዱም። ክርስትናና ልደት ላይ የምንሰቅለው እሱ ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። በገመድ የሚጎተት መጫወቻ ሲሸጡ ከስንዝር የረዘመውን በመቀስ ቆርጠው ነው የሚጠቀልሉልሽ፣ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም። ጩኸቱ ጆሮ የሚበሳ ከሆነ ድምፅ የሚወጣበትን ቀዳዳ በፕላስተር ይደፍኑታል። ማሸጊያው ላይ 0-3 ተብሎ የሕፃን ፊት በቀይ መስመር ከተሰረዘበት፣ የለመኗቸውን ያህል ቢለምኗቸው ለእኔ ልጅ ዓይነት አይሸጡም።

አጎቷ ከዘጌ ሲመለስ ትንሽ የደንገል ታንኳ አምጥቶላት ነበር። ደስ ትላለች፣ ልክ ጣና ላይ እንዳሉት ናት። ልጄ ግን ጫፏን በላቻት። በጥቂት ቀን ውስጥ ታንኳዋ ሹልነቷን አጣች፣ ምንጣፉ ላይ የደንገል ፍርፋሪ ሞላ። እትዬ ስነግራቸው ሳቁና «ታንኳዋን ግድግዳ ላይ ስቀያት፣ ስታድግ ትቀዝፋለች» አሉ። አሁን ከቴሌቪዥኑ በላይ ናት።

መጨረሻ ላይ የገዛሁት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ ኩባያ ነው፣ ስድስት ፍሬ፣ በ180 ብር። ትንሹም በካርቶኑ አይገባም፣ ሞክረነዋል። ሽታ የለውም። ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሃደ ስለሆነ በጥፍር ቢቧጨር አይላጥም። ልጄ ገላዋን ስትታጠብ ውሃ ትቀዳበታለች፣ ሲቀር ታኝከዋለች፣ ትወረውረዋለች። በዎከሩ ፋንታ ደግሞ «ከቤትሽ የእንጨት ማንኪያና ባዶ ድስት ስጫት» ተባልኩ። ሰጠኋት። ጎረቤቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። እትዬ ዋጋ ላይ ክርክር አይወዱም፣ ፊታቸው ቶሎ ይቋጠራል። በወር በ21 ዝግ ነው፣ ማኅበር አለባቸው። ቤት ያላችሁን አሻንጉሊት ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ከሌላ ሱቅ ነው የገዛሽው ሳይሉ አንድ በአንድ ያዩላችኋል፣ በነፃ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ስትሄዱ ዳክዬዋን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ከሥሯ ቀዳዳ ያላት፣ ሲጨምቋት ውሃ የምትረጭ ቢጫ ዳክዬ ናት። አንዲት ደንበኛ ወራት ያህል ልጇን ስታጥብባት ከርማ ያመጣቻት ናት። እትዬ ለሁለት ሰንጥቀው በፌስታል አስቀምጠዋታል። ውስጧ ጥቁር ሻጋታ ብቻ ነው። ቁርስ በልታችሁ ወዲያው ግን አትዩዋት።